የአደራ ቡችላ፦ ከመጠለያ ወጥቶ ቋሚ ቤት እስኪገባ

ከመጠለያ ቡችላ በአደራ የወሰደ ሰው ለሌላ ቤት የሚሆን ውሻ እያዘጋጀ ነው። የራሳችሁ ውሻ ሶፋ ላይ ቢተኛ፣ እንግዳ ላይ ቢዘል፣ ከገበታ ቢለምን የቤታችሁ ጉዳይ ነው። የአደራው ቡችላ ነገ የሚሄድበት ቤት ግን ሕፃን ሊኖርበት ይችላል፣ አያት ሊኖሩበት ይችላሉ። እዚያ የሚያስመታው ወይም የሚያስባርረው ጠባይ እናንተ ጋ የለመደው ይሆናል። አደራ ተመላሽ ነውና ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ሥራው ሁሉ የርክክቡን ቀን እያሰበ ይሠራ።

እዚህ ያለው ሁሉ አዲስ አበባን ለመሰለ ከተማ የታሰበ ነው፦ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት፣ መብራት የሚጠፋበት፣ ግቢ የጋራ የሆነበት፣ የእብድ ውሻ በሽታም ያልጠፋበት።

ቡችላው ከመምጣቱ በፊት

ተከራይ ከሆናችሁ ከአከራያችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የግቢው ጎረቤቶችም ይወቁ። ቅሬታ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ነው፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ቡችላ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። «ሦስት ሌሊት ታገሡን» ብሎ ቀድሞ መንገር ብዙ ጠብ ያስቀራል።

በሃይማኖትም ሆነ በልማድ ውሻ ሳሎን እንዲገባ የማይፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ይህ ሊከበር ይገባል። ነፋስ የማይገባበት የሰርቪስ ክፍል ይበቃል። ነገር ግን ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ደጅ አያድርም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማዋ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ከመጠለያው ጋር እነዚህን ነገሮች በጽሑፍ ተስማሙ፦ የሕክምናውን ወጪ ማን ይከፍላል? ሌሊት ቢታመም ለማን ይደወላል? አደራው እስከ መቼ ነው? ቋሚ አሳዳጊውን የሚመርጠው ማን ነው? ቡችላው ሰው ቢነክስ ምን ይደረጋል? የሕክምና ወጪ ጉዳይ በቃል ከቀረ ፓርቮ (ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድል የቫይረስ በሽታ) በያዘው ቀን መጠለያውም እናንተም እርስ በርስ ትጠባበቃላችሁ፤ የሚሞተው ቡችላው ነው።

ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካላችሁ ክትባቱ ያልተቋረጠ መሆኑን አረጋግጡ። በግቢያችሁ ባለፈው አንድ ዓመት በፓርቮ የታመመ ውሻ ከነበረ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አትቀበሉ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል፤ አፈርን ደግሞ በበረኪና ማጠብ አይቻልም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። በግራም የሚመዝን የኩሽና ሚዛን፣ ለቡችላው ብቻ የሚሆን ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ጎኑ ከፍ ያለ ትልቅ ካርቶን፣ አሮጌ ፎጣዎች፣ ሁለት ሦስት ባዶ ሃይላንድ፣ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ወይም ትንሽ ጡጦ፣ በረኪና፣ አንድ ደብተር። አሮጌ ጋቢ ለመኝታ ጥሩ ይመስላል፤ ክሩ የተፈታ ከሆነ ግን በቡችላ እግርና አንገት ላይ ስለሚጠመጠም ፎጣ ይሻላል።

ዕድሜውን ማወቅ

ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚከተብ የሚወስነው ዕድሜው ነው፤ ከመንገድ የተገኘ ቡችላ ደግሞ የልደት ቀን የለውም። ዓይኑ ካልተገለጠ 2 ሳምንት አልሞላውም ማለት ነው፤ ዓይን የሚገለጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የፊት ጥርስና ክራንቻ ብቅ ማለት ከጀመረ 3 ወይም 4 ሳምንቱ ነው። በ8 ሳምንት አካባቢ 28ቱም የወተት ጥርሶች ይሟላሉ። የፊቶቹ መነቀል ከጀመሩ ወደ 4 ወር ተጠግቷል። በግምት ያገኛችሁትን ቀን ደብተሩ ላይ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ፤ ተረካቢው እርግጠኛ ቀን እንዳይመስለው።

እናት አልባ ጨቅላ፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ወተት

ጨቅላ ቡችላ በብዛት የሚሞተው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ቀዝቅዞ የተገኘ ቡችላ ሲያለቅስ ራበው ብሎ ወተት መስጠት የደግ ሰው ስሕተት ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከሆነ አንጀቱ አይሠራም፤ ወተቱ ሆዱ ውስጥ ይቦካል፣ ወይም ወደ ሳንባው ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ አሙቁት። ከልብሳችሁ ሥር ከገላችሁ ጋር አድርጋችሁ፣ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ቢፈጅም በዝግታ። ከሰል ዳር ማስጠጋት ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ቆዳውን ያቃጥላል እንጂ ውስጡን አያሞቅም። እየሞቀ ሳለ ከዛለ ጥቂት ጠብታ ስኳር ውሃ ድዱ ላይ ቀቡት፤ የደም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

የካርቶኑ ሙቀት በመጀመሪያው ሳምንት ከ30 እስከ 32 ዲግሪ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከ26 እስከ 29፣ በአራተኛው 24 ገደማ ይሁን። መብራት በሚጠፋበት ቤት አምፖልን ብቻ መተማመን አይቻልም። ሃይላንድ በሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አስቀምጡ፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ሌላ ጎን ይኑር። በየ2 እና 3 ሰዓቱ ውሃውን ቀይሩ። የቀዘቀዘ ሃይላንድ ከቡችላው ሙቀት እየሳበ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሳይቀየር ከሚቆይ ቢወጣ ይሻላል።

ሙቀቱ ልክ መሆኑን የሚነግሯችሁ ራሳቸው ቡችሎቹ ናቸው። አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው የሚያለቅሱ ከሆነ ቀዝቅዟቸዋል። ተራርቀው፣ አፋቸውን ከፍተው ከተዘረጉ ሞቋቸዋል። ጎን ለጎን ተኝተው እግራቸውና ጆሯቸው በእንቅልፍ ውስጥ ብርግግ ብርግግ ካለ ደህና ናቸው። ያ እንቅጥቅጥ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ የጤነኛ ጨቅላ እንቅልፍ ግን እንደዚያ ነው። ይልቁንም የሚያሳስበው ብቻውን ወደ ጥግ ወጥቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ዝም ያለው ነው።

ወተቱ

ለቡችላ የተዘጋጀ ዱቄት ወተት ከተገኘ እሱን በተጻፈበት ልክ በጥብጡ። የላም ወተት ብቻውን ለቡችላ ፕሮቲኑም ስቡም ያንሰዋል፣ የወተት ስኳሩ ደግሞ ይበዛበታልና ያስቀምጠዋል። የሰው ሕፃን ዱቄት ወተትም አይበቃውም። የቡችላው ወተት እስኪገኝ ድረስ ለጥቂት ቀን ይህ ይሠራል፦ ተፈልቶ የበረደ 240 ሚሊ ሊትር ያልተቀጠነ የላም ወይም የፍየል ወተት፣ የ3 እንቁላል አስኳል (ነጩ አይገባም)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው። በደንብ መትታችሁ አጥሩት። ፍሪጅ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም።

አመጋገቡ እንዲህ ነው፦

1. ቡችላውን መዝኑ። ለ100 ግራም ክብደት በአንድ ጊዜ 3 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ከ4 ሚሊ ሊትር አትለፉ። 300 ግራም የሚመዝን ቡችላ 9 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፣ ቢበዛ 12።

2. ወተቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ በማስቀመጥ ለብ አድርጉት፤ ክንዳችሁ ላይ ጠብ ሲል የማይቀዘቅዝም የማያቃጥልም ይሁን።

3. የጡጦውን ቀዳዳ ፈትሹ። ሲገለበጥ ወተቱ በዝግታ ጠብታ ይሥራ። የሚፈስ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ሌላ ጡጦ ፈልጉ።

4. ቡችላውን በሆዱ አስተኝታችሁ፣ አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ አጥቡ፤ ከእናቱ ሥር እንደሚተኛው ማለት ነው። እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው ከታቀፈ ወተቱ ወደ ሳንባው ይሄዳል። በትክክል ሲጠባ ምላሱ የጡጦውን ጫፍ እንደ ጎድጓዳ ቅጠል ይጠቀልለዋል፣ የፊት እግሮቹም እየገፉ ይረግጣሉ፤ ሲሪንጁን እናንተ አትግፉበት፣ እሱ ይሳብ።

5. ወተት በአፍንጫው ከወጣ ወዲያው አቁሙ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ጥረጉት። በማግሥቱ ቢያስል ወይም አተነፋፈሱ ቢፈጥን ሐኪም ይየው።

6. ከምግብ በኋላ በለብ ያለ ውሃ በተነከረ ጥጥ የሽንትና የሰገራ መውጫውን በቀስታ አሹለት። እስከ 3 ሳምንት ድረስ ራሱ አይሸናም፤ እናቱ በምላሷ የምትሠራው ሥራ ነው። ይህ ከተረሳ ሆዱ ተነፍቶ ይታመማል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊትም ጭምር በየ3 ሰዓቱ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው በየ4 ሰዓቱ ይመገብ። ከባድ ነው። ሁለት ሰው ተራ ካልተከፋፈለ በሦስተኛው ሌሊት ሁሉም ይሰንፋል፤ ስለዚህ አጋር የሌለው ሰው ጡት የሚጠባ ቡችላ ሳይሆን ከ5 ሳምንት በላይ የሆነውን ቢቀበል ለቡችላውም ለራሱም ይበጃል።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝናችሁ ጻፉ። ጤነኛ ጨቅላ በቀን ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል፤ በ10 ቀን ገደማ የተወለደበትን እጥፍ ይሆናል። አንድ ቀን ክብደት አለመጨመር ማስጠንቀቂያ ነው፤ መቀነስ ደግሞ ሐኪም የሚያስጠራ ነው። ሚዛኑ ከዓይናችሁ ቀድሞ ያያል።

ምግብ ሲጀምር

በ4 ሳምንት ገደማ ወተቱን በሰፊ ዝርግ ሳህን ማቅረብ ትችላላችሁ። ይረግጡታል፣ ይተኙበታል፣ በመጨረሻ ይልሱታል። ቀጥሎ የቡችላ ደረቅ ምግብ አንድ እጅ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ ነክራችሁ እንደ ገንፎ ስጡ፤ በየሳምንቱ ውሃውን እየቀነሳችሁ ሂዱ። በቀን 4 ጊዜ።

ደረቅ ምግቡ ውድ ነው። በቤት የምታበስሉ ከሆነ የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ከሩዝ ወይም ከቅንጬ ጋር እኩል በእኩል ይሁን፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት የለበትም። እንጀራ አይጎዳውም፤ ግን በፍርፋሪ እንጀራ ብቻ የሚያድግ ቡችላ ሆዱ ይነፋል እንጂ ሥጋ አይሠራም። ሥጋ ብቻ የሚበላም ካልሲየም አንሶት እግሩ ይጎብጣል። ታጥቦ ደርቆ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ።

ከሉካንዳ ለውሻ የሚገዛው ሳምባና ጉበት ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ጥሬው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል እብጠት ካለ የኮሶ ትል ዘር ነው። ውሻው በጥሬው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከሰገራው ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች እጅ አልፎ በጉበትና በሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ከረጢት ያለበትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ደህና የሚመስለውንም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳትቀቅሉ አትስጡ።

ከበዓል ማግሥት የሚመጣው ችግር ደግሞ ዶሮ ወጥ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት መጉዳት ይጀምራል፤ ለ3 ኪሎ ቡችላ ይህ ከአንድ መካከለኛ ራስ አይበልጥም፤ ወጡ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሽንኩርት ነው። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ማንም ከወጡ ጋር አያገናኘውም፦ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ስኳር አልባ ማስቲካና ያልተጋገረ ሊጥም ከቡችላ ይራቁ።

14 ቀን ማግለል

ቡችላው ጤነኛ ቢመስልም ለ14 ቀን ከሌሎች ውሾች ለብቻው ይቆይ። ፓርቮ ከገባ በኋላ ምልክት የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ነውና ከመጠለያ ሲወጣ ይዞት ሊሆን ይችላል። የእሱ ሳህን፣ የእሱ ፎጣ፣ ወደ እሱ ክፍል ስትገቡ የምትጫሙት ነጠላ ጫማ ይለይ። በቅድሚያ የቤታችሁን ውሻ፣ በመጨረሻ እሱን አስተናግዱ።

ወለሉን መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ ቆሻሻ ባለበት በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ለ1 ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 2 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ ወለሉ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ አድርጉ። ቸኩሎ መወልወል ዋጋ የለውም። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። የእጅ አልኮል ፓርቮን አይገድልም። ሽታ ለማጥፋት አቼቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ምግብ እምቢ ብሎ ከደበተ፣ ካስመለሰ፣ ተቅማጡ ደም ደም ከሸተተ እስከ ጠዋት አትጠብቁ። ፓርቮ ቡችላን የሚገድለው ፈሳሽ በማሳጣት ነው፤ በጊዜ ግሉኮስ የተሰካለት ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ትል፣ ቁንጫ፣ ክትባት

ወስፋት ከእናት ማሕፀንና ጡት ስለሚተላለፍ እያንዳንዱ ቡችላ አለበት ብላችሁ ጀምሩ። የወስፋት መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንት ይሰጣል። ፒራንቴል ከሆነ መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው። 2 ኪሎ ቡችላ 10 ሚሊ ግራም ይፈልጋል፤ በ1 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ቢሆን 0.2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በማንኪያ የሚገመት መጠን አይደለም፣ በሲሪንጅ ይለካ፣ ሐኪምም ያረጋግጠው። ፒራንቴል ኮሶ አይገድልም፤ ሰገራው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ከታየ ፕራዚኳንቴል ያስፈልጋል።

ለቁንጫ ፍሊት መርጨት ወይም የከብት መድኃኒት መቀባት ቡችላን ይገድላል። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲንም ለትንሽ ቡችላ ልኩ በጠብታ ስለሆነ በግምት አይሰጥ። ከ8 ሳምንት በታች ለሆነው መድኃኒቱ ለብ ያለ ውሃና የሕፃን ሻምፖ ነው። መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ አረፋ አድርጉ፤ አለዚያ ገላው ሲርስ ቁንጫው ሁሉ ወደ ጆሮና ዓይን ይሸሻል። በጠባብ ማበጠሪያ አበጥሩ፣ የወጣውን ሳሙና ውሃ ውስጥ ክተቱ፣ ወዲያው አድርቁት። ድዱ የነጣ ከሆነ ቁንጫው ደሙን ጨርሶታልና ወደ ሐኪም።

የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላ ገዳይ የውሻ ቫይረስ በሽታ) ጥምር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀምርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። «አንዴ ተከትቧል» ብሎ መተው የሚጎዳው ለዚህ ነው፦ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ካልጠፋ የመጀመሪያውን ክትባት ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚጠፋ በዓይን ስለማይታይ መደጋገም ብቻ ነው መፍትሔው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ይሰጣል።

የሰው የሕመም ማስታገሻ፣ ማለትም ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል፣ ለቡችላ መርዝ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ

ቡችላም ሊይዘው ይችላል። ታሪኩ የማይታወቅ ቡችላ ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ አገጩ ተንጠልጥሎ ለሃጩ ከተዝረበረበ አጥንት አንቆት ይሆናል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። በዚህ ስሕተት ሰው ሞቷል። በሩን ዘግታችሁ ሐኪምና መጠለያውን ጥሩ።

ቡችላ ጥርሱ ቆዳ ከበሳ ወይም ቁስል ላይ ከላሰ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ ቀን አይባክን፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳኛ የለውም። የነከሰው ቡችላ አይገደል፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ። ብዙ ውሻ በተከታታይ የሚቀበል ሰው ራሱ አስቀድሞ ቢከተብ እንመክራለን።

ጠባይ ማስያዝ

ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ቡችላ ያየውንና የሰማውን «የዓለም ወግ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ያላየው ነገር ኋላ ያስፈራዋል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ክትባቱ ስላላለቀ መሬት ሳታስቀምጡ በክንዳችሁ ይዛችሁ አሳዩት፦ ባጃጅ፣ ዣንጥላ ሲከፈት፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ በትር የያዙ አባት፣ የሚሮጡ ልጆች፣ የድምፅ ማጉያ፣ የቡና ሙቀጫ። በቀን አንድ ወይም ሁለት አዲስ ነገር ይበቃል። ከሩቅ እያሳያችሁ ቁራጭ ሥጋ ስጡት፤ ሥጋውን ከበላ ርቀቱ ልክ ነው፣ እምቢ ካለ ቀርባችኋልና ወደኋላ ተመለሱ።

ሽንት ቤት ለማስለመድ፦ ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ ከበላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ የግቢ ጥግ ውሰዱት። ሲጨርስ እዚያው አመስግኑት። ቤት ውስጥ ካመለጠው ጽዱና ዝም በሉ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ተደብቆ መሽናትን ነው። የ2 ወር ቡችላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት በላይ አይችልም።

ጥርሱ ሲያሳክከው እጅ ይነክሳል። አትምቱት። ጨዋታውን አቁማችሁ 20 ሰኮንድ ጀርባ ስጡት፣ ከዚያ የሚያኝከው ጨርቅ ስጡት። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ካላደረገ አይሠራም፤ አባት ሲከለክል ልጅ እያስነከሰ ከተጫወተ ቡችላው የሚማረው ከልጁ ነው።

ትልቅ ውሻ በአደራ ስትቀበሉ

ለመላመድ 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚል የተለመደ መለኪያ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የምታዩት ጠባይ የድንጋጤ እንጂ የውሻው አይደለም። በመጣበት ቀን አታጥቡት፣ እንግዳ አትጥሩ። ጥግ ስጡት፣ ውሃና ምግብ አስቀምጡ፣ ወደ እናንተ እስኪመጣ ጠብቁ። አፉን ደጋግሞ ከላሰ፣ ሳያንቀላፋ ካዛጋ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑ ነጭ እስኪታይ በጎን ካያችሁ «ራቁኝ» እያለ ነው። ሲበላ ልጆች አይቅረቡት።

የሚያመልጠው በግቢ በር ነው። መኪና ሲገባ፣ እንግዳ ሲንኳኳ። ስልካችሁ የተጻፈበት ማነቂያ ያልሆነ አንገት ማሰሪያ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይኑረው፤ በር ሊከፈት ሲል ውሻው በሁለተኛ በር ይዘጋበት። ቀን ከሌት በሰንሰለት ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ መሸሻ ያጣ ፈሪ ውሻ መንከስ ይለምዳል።

ርክክብ

ከ8 ሳምንት በፊት ለማንም አይሰጥ፤ የመንከስን ልክ የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። በበዓል ስጦታ የሚፈለግ ቡችላም ይቆይ፤ በዓሉ ሲያልፍ ይጠይቁ።

የሚረከበውን ሰው ቤቱ ሄዳችሁ አነጋግሩ። «ውሻ ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግራችሁም፤ ሁሉም እወዳለሁ ይላል። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ሌሊት የት ያድራል? ቤተሰቡ ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ ማን ያበላዋል? ቤት ብትለቁ ምን ይሆናል? ከዚህ በፊት የነበረው ውሻ ምን ሆነ? ለዘበኝነት ብቻ ፈልጎ በሰንሰለት ሊያስር ካሰበ በትሕትና እምቢ በሉ፤ እንደ ቤተሰብ የተያዘ ውሻ ግቢውን ሳይታሰርም ይጠብቃል። «ትወልድብናለች» ተብላ ሴቷ ስትገፋ ማኮላሸት እንደሚቻልና 6 ወር ገደማ ሲሞላት እንደሚሠራ አስረዱ፤ ቀጠሮውን ራሳችሁ ብትይዙላቸው ይበልጥ ይሳካል።

አብራችሁ የምትሰጡት የክትባት ካርዱን፣ ሲበላ የቆየውን ምግብ የአንድ ሳምንት ያህል (ምግብ በአንድ ቀን ከተለወጠ ያስቀምጠዋል፣ በ5 እስከ 7 ቀን ቀስ እያለ ይቀየር)፣ የተኛበትን ያልታጠበ ፎጣና ደብተሩን ነው። ደብተሩ ላይ መጥፎውም ይጻፍ፦ ነጎድጓድ ይፈራል፣ ጫማ ያኝካል፣ ሳህኑ ሲነካ ያጉረመርማል። ያልተነገረ ጉድለት በሦስተኛው ሳምንት ውሻውን ወደ መንገድ ይመልሰዋል።

በ3ኛው ቀን፣ በ3ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ደውሉ። ካልተስማማቸው ወደ መጠለያው ወይም ወደ እናንተ እንዲመልሱት እንጂ ለሌላ እንዳያሳልፉት በርክክቡ ወረቀት ላይ አስፈርሙ።

ከሄደ በኋላ ካርቶኑን አቃጥሉ፣ ፎጣዎቹን በፈላ ውሃና በበረኪና እጠቡ፣ ቴርሞሜትሩና ሚዛኑ በትክክል መሥራታቸውን ፈትሹ። ቡችላው በፓርቮ ታሞ ከነበረ ቀጣዩ የአደራ ውሻ ክትባቱን የጨረሰ ትልቅ ውሻ ይሁን።